ለ30 ዶሮ የሚሆን ቤት አሠራር፦ ከመሠረቱ እስከ ቆጡ፣ ከነሚበላሽባቸው ቦታዎች

በጓሯቸው የዶሮ ቤት የሠሩ ሰዎች የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ የሚያነሱት ቅሬታ ይመሳሰላል። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ ረጥቦ ይጋገራል፤ ቤቱ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይይዛል፤ ጣራው ዝናብ በሌለበት ሌሊት ያንጠባጥባል፤ በሩ ተንጋዶ አልገጥም ይላል፤ አንድ ማለዳ ደግሞ ሸለምጥማጥ ገብቶ ዶሮዎቹን ፈጅቷቸው ይገኛል። ችግሮቹ የሚታዩት ዶሮዎቹ ከገቡ በኋላ ነው፤ የተፈጠሩት ግን ቤቱ ሲሠራ ነው። የአብዛኞቹም ምንጭ አንድ ነው፤ ውኃ ከታችና ከጎን እንዳይገባ፣ እንፋሎት ደግሞ ከላይ እንዲወጣ ታስቦ አለመሠራቱ። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ከግድግዳው ላይ ቀንሱ እንጂ ከመሠረቱ፣ ከወለሉና ከጣራው ክፈፍ ላይ አትቀንሱ።

እዚህ የምናሳየው ለ30 እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚበቃ፣ በጉዝጓዝ ላይ የሚያኖር ቤት ነው። ቦቫንስ ብራውንም ሆነ ኮይኮይ ወይም ሳሶ የሚባሉት ዝርያዎች ቢገቡበት ያገለግላል። ልኩ ለደጋና ለወይና ደጋ ታስቦ የተወሰነ ነው፤ ለቆላ የሚለወጠውን በየቦታው እንጠቁማለን። የአንድ ቀን ጫጩት በቀጥታ የሚገባበት ቤት አይደለም፤ ጫጩት ሙቀት ያለው ማሳደጊያ ይፈልጋል። በየሰፈሩ የሚሸጡት የ45 ቀንና ከዚያ በላይ የሆናቸው ግን ይገቡበታል።

ልኩን ከቆርቆሮው ጀምሩ

ብዙ ሰው መሬቱን ለክቶ፣ ግድግዳውን አቁሞ፣ ቆርቆሮ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ቆርቆሮው ወይ ያጥራል ወይ ተቆርጦ ይባክናል። ሲያጥር የሚሠዋው ክፈፉ ነው፤ ክፈፍ የሌለው ጣራ ደግሞ ወጨፎን በቀጥታ ወደ ጉዝጓዙ ያስገባል። ስለዚህ በተለምዶ ከሚሸጠው ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ተነስታችሁ ወደ ታች አስሉ።

ሁለት ቆርቆሮ ቁልቁል ሲቀጣጠልና 20 ሳንቲ ሜትር ሲደራረብ 3 ሜትር ከ80 ይሸፍናል። ቤቱን በውጭ ልክ 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ከ70 ጎን አድርጉት። ጣራው ወደ ኋላ ብቻ የሚያዘነብል ይሁን፤ የፊት ግድግዳው 2 ሜትር ከ40፣ የኋላው 1 ሜትር ከ80 ከፍታ ይኑረው። በዚህ ልክ ከፊትም ከኋላም 50 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ይተርፋል፤ የሚቆረጥ ቆርቆሮ የለም። በጎን በኩል አምስት ቆርቆሮ ሁለት ሁለት ሞገድ እየተደራረበ ሲደረደር ግራና ቀኝ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። በጠቅላላው 10 ቆርቆሮ ማለት ነው።

ግድግዳው 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ውስጡ 2.70 በ2.40፣ ማለትም 6.5 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ዶሮ ይደርሳል። "ይችላል" እየተባለ እዚያው ላይ 50 ማስገባት የተለመደ ነው፤ ውጤቱም የታወቀ ነው፦ ጉዝጓዙ ከሚችለው በላይ ኩስ ይወርድበታል፣ ዶሮዎቹ ይነካከሳሉ፣ ላባ ይነቃቀላል።

ቦታው

ቦታ የሚመረጠው በበጋ ሳይሆን ዝናብ ሲጥል አይቶ ነው። ውኃ የሚተኛበትን፣ ጎርፍ የሚያልፍበትን አስወግዱ። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ከቤቱ በላይ በኩል ከ1 ሜትር ተኩል ያላነሰ ርቀት ላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። ከመኖሪያ ቤት ግድግዳና ከጎረቤት አጥር ጋር አታጣብቁት፤ የሽታ ጣጣ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ግድግዳ መሃል የሚቀረው ጠባብ ቦታ የአይጥ መናኸሪያ ይሆናል። ዙሪያውን ሰው የሚዞርበት 1 ሜትር ይተርፍ።

የ3 ሜትሩ ግድግዳ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ እንዲህ ሲሆን የጠዋትም የከሰዓትም ፀሐይ የሚያርፈው በድፍን ጎኖቹ ላይ ነው። ከሰሜንና ከደቡብ ወጨፎ የሚመጣበትን ለዩና ድፍኑን ኋላ ወደዚያ፣ ሽቦ የሚሆነውን ፊት ወደ ተቃራኒው አዙሩ። የዝናቡ አቅጣጫና የፀሐዩ ካልተስማሙ ለዝናቡ ፍረዱ፤ ፀሐይን በጥላ መከላከል ይቻላል፣ የረጠበ ጉዝጓዝ ግን በክረምት አይደርቅም።

የሚያስፈልገው ዕቃ

- ሲሚንቶ፦ 8 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት (4 ኩንታል)
- አሸዋ፦ 1.5 ሜትር ኩብ፤ ጠጠር፦ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል
- የመሠረት ድንጋይ፦ 2 ሜትር ኩብ፣ ለወለል መሙያ ተጨማሪ 1 ሜትር ኩብ ድንጋይ ወይም ገረጋንቲ
- ባለ 15 ብሎኬት፦ 80 (የሚሰበረውን ጨምሮ)
- ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ፦ 1 ቤርጋ፤ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ 1 ኪሎ
- የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፦ 9
- ለወራጅ 4፣ ለጣራ ማገር 5፣ ሁሉም ባለ 4 ሜትር፤ በግድግዳው ራስ ላይ ለሚጋደመው ደግሞ ሌላ 4
- ለግድግዳ ማገር ቀጫጭን አጣና፣ ጭቃና የጤፍ ጭድ
- ቆርቆሮ፦ 10፤ ወሸር ያለው የቆርቆሮ ሚስማር 1 ኪሎ ተኩል
- ሚስማር፦ ባለ 8 እና ባለ 10፣ ሁለት ሁለት ኪሎ
- ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት፦ 8 ካሬ ሜትር
- ማጠፊያ 3፣ መቀርቀሪያ 2፣ ሸራ 2 በ3 ሜትር

ቆርቆሮው ላይ ቀጭኑን ለመግዛት አትቸኩሉ። የጌጅ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ ባለ 35 ሰው ወጥቶ ሲመታው ይጎደጉዳል፣ በጎደጎደበት ውኃ ይተኛል። ባለ 32 ወይም ባለ 30 ይሻላል።

1. ማዕዘን ማውጣትና መሠረት

አራት ችካል ተክላችሁ በሲባጎ 3 በ2.70 ወጥሩ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያሉትን ሁለት ሰያፍ መስመሮች ለኩ፤ ሁለቱም 4 ሜትር ከ4 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ችካሉን አስተካክሉ። ይህን የዘለለ ሰው ቅጣቱን የሚያገኘው ቆርቆሮ ሲያለብስ ነው፤ የመጀመሪያው ቆርቆሮ ከግድግዳው እኩል ተነስቶ የመጨረሻው ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ይገኛል።

ቦዩን 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ጥልቀት ቆፍሩ። ጥቁር አፈር ከሆነ መሬቱ በበጋ ስለሚሰነጠቅና በክረምት ስለሚያብጥ እስከ 60 ውረዱ። ድንጋዩን 1 ሲሚንቶ ለ6 አሸዋ በሆነ ድብልቅ እየገነባችሁ ከመሬት በላይ 20 ሳንቲ ሜትር አውጡት። ይህ ከመሬት የወጣው ክፍል የዝናብ ውኃ ሲረጭ ብሎኬቱን እንዳይነካ፣ ወለሉም ከግቢው ከፍ እንዲል ያደርጋል። መሠረቱ ወደ ታች መውረዱ ደግሞ ከውጭ ፈልፍሎ ለሚገባ አይጥ መንገድ ይዘጋል።

2. ሦስት ረድፍ ብሎኬት

በመሠረቱ ላይ 1 ለ4 በሆነ ድብልቅ ሦስት ረድፍ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ገንቡ። በፊት ለፊቱ መሃል ላይ ለበር 1 ሜትር ክፍት ተዉ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ግን በበሩም በኩል ሳይቋረጥ ይለፍ። እሱ ነው ደፉ። ደፍ ከሌለ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጉዝጓዝ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ጎርፍም ወደ ውስጥ ይገባል።

ቋሚ በሚቆምባቸው ቦታዎች ማለትም በአራቱ ማዕዘን፣ በኋላው ግድግዳ መሃልና በሁለቱ ጎኖች መሃል ላይ፣ በብሎኬቱ ቀዳዳ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፌሮ አቁማችሁ በኮንክሪት ሙሉት፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከላይ ይውጣ። ቋሚውን በብሎኬቱ ላይ አቁማችሁ ከፌሮው ጋር በማሰሪያ ሽቦ በሁለት ቦታ ጠፍራችሁ እሰሩት፤ በቋሚው ላይ ሚስማር መትታችሁ በፌሮው ላይ እጠፉት። የበሩ ሁለት ቋሚዎች ግን ከደፉ ላይ ተነስተው 2 ሜትር ከ20 ይሆናሉ፤ በብሎኬት መጋጠሚያዎቹ ውስጥ በሚቀበር አጭር ፌሮ ከግንቡ ጋር ይያያዛሉ።

እንጨቱን መሬት ውስጥ መትከል ቀላል መስሎ ይታያል። ባሕር ዛፍ መሬት ውስጥ ሲገባ ግን ምስጥ ይበላዋል፣ ከመሬቱ ልክ ላይም ይበሰብሳል፤ በተቃጠለ ዘይት ወይም በሬንጅ ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል እንጂ አይድንም። ብሎኬት ላይ የቆመ እንጨት ግን ምስጥ ሲወጣበት የጭቃው መስመር በግንቡ ላይ ስለሚታይ በጊዜ ይጠረጋል።

የላይኛው ረድፍ የብሎኬት ቀዳዳ በሙሉ በድብልቅ መደፈን አለበት። ይህ የሚዘነጋ ነገር ነው፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ክፍት የቀረ ብሎኬት ለአይጥ ሞቃትና ደረቅ ቤት ነው፤ በቀን ከውስጥ ሆና በሌሊት መኖ ትበላለች፣ እንቁላል ታንከባልላለች፤ ግድግዳውን ሳያፈርሱ ማስወጣት አይቻልም።

3. ወለል

ውስጡን ያለውን ለም አፈር አውጡ። ድንጋይ ወይም ገረጋንቲ ሞልታችሁ ውኃ እያርከፈከፋችሁ በደንብ ጠቅጥቁ፤ ከዚያ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊሾ አፍስሱ። ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ይሁን። ከኋላ ወደ በሩ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ በደፉ ሥር ለእጥበት ውኃ መውጫ አንድ ቀዳዳ ተዉ፤ ከእጥበት ውጭ ባለው ጊዜ በድንጋይና በወንፊት ይደፈን። ሊሾውን ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጡት። ሳይጠጣ የደረቀ ሊሾ ላዩ ዱቄት ይሆናል፤ ዶሮ እየጫረች ታቦንነዋለች፣ ኩሱን ሲፍቁም አብሮ ይነሳል።

የአፈር ወለል የሚመርጥ ሰው ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው ደም ያዘለ ተቅማጥ የሚያመጣ በሽታ በእርጥብ አፈር ውስጥ ሲቆይ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ይሻገራል፣ አፈሩንም ማጠብ አይቻልም። አፈር ግድ ከሆነ ዙሩ ባለቀ ቁጥር የላይኛውን 10 ሳንቲ ሜትር አውጥቶ በአዲስ መተካት ያስፈልጋል።

4. ግድግዳው

የኋላውን ግድግዳ ከብሎኬቱ በላይ 90 ሳንቲ ሜትር በጭቃ ሥሩ፤ የቀረውን 30 ሳንቲ ሜትር በወንፊት ሽቦ ክፍት ተዉት። ሁለቱን ጎኖች እስከ ላይ በጭቃ ዝጉ። ፊት ለፊቱ ከብሎኬቱ በላይ ሙሉ በሙሉ ሽቦ ይሁን። በቆላ ጎኖቹንም ከብሎኬቱ በላይ በሽቦ ተኩ፤ እዚያ የሚገድለው ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው።

ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታችሁ ቢያንስ 5 ቀን አቆዩት፤ በየቀኑ ውኃ እየጨመራችሁ ርገጡት። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርቡ። በጭቃ ላይ የሲሚንቶ ልስን አትለጥፉ፤ ጭቃው ሲረጥብና ሲደርቅ ስለሚንቀሳቀስ ልስኑ በቅርፊት ቅርፊት ይወርዳል፣ በጀርባውም ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ከዚያ ይልቅ በወንፊት የተነፋ አፈር ከእበት ጋር አቡክታችሁ ቀጭን አድርጋችሁ ለስኑት፤ ሲደርቅ ሁለት ጊዜ ኖራ ቀቡት።

ስንጥቅን የምንፈራው ለውበት አይደለም። የዶሮ ደም የሚመጥጠው ቅንቅን ቀን ቀን በግድግዳ ስንጥቅና በእንጨት መጋጠሚያ ተደብቆ ይውላል፤ ማታ ወጥቶ ቆጥ ላይ የተኙትን ዶሮዎች ይመጥጣል። ቀን ዶሮዋን ገልብጦ ያየ ሰው ምንም አያገኝባትም፤ እንቁላሉ ግን ይቀንሳል፣ ኩክኒዋም ይገረጣል።

5. ጣራ

በቋሚዎቹ ራስ ላይ አግድም እንጨት ካጋደማችሁ በኋላ አራቱን ወራጆች በየ1 ሜትሩ ከፊት ወደ ኋላ ዘርጉ። እያንዳንዱን ወራጅ ከቋሚው ወይም ከአግድሙ ጋር ከሚስማሩ በተጨማሪ በሽቦ ጠፍሩ፤ ፊቱ ክፍት የሆነ ቤት ነፋስ ከሥር ገብቶ ጣራውን ወደ ላይ ስለሚገፋው ሚስማር ብቻውን ይነቀላል። በወራጁ ላይ አምስት ማገር በየ90 ሳንቲ ሜትሩ ገደማ አጋድሙ፤ አንዱ ሁለቱ ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት ቦታ ላይ መዋል አለበት።

ቆርቆሮ ማልበስ ከታችኛው ረድፍ፣ ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ጫፍ ይጀመራል። እንዲህ ሲሆን የመደራረቢያው አፍ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል። ሚስማሩ የሚመታው በሞገዱ ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ የሚሄደው በሸለቆው ስለሆነ እዚያ የተመታ ሚስማር ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ክረምት ያፈስሳል። ወሸሩ ቆርቆሮውን እስኪነካ ምቱ፤ ጉብታው እስኪጨፈለቅ ከሆነ አልፋችኋል።

በግድግዳው ራስና በቆርቆሮው መካከል የወራጁና የማገሩ ውፍረት የሚያህል ክፍተት በዙሪያው ይቀራል። ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ሸለምጥማጥ ከምትገባባቸው ቦታዎች ዋነኛው ይህ ነው፤ ግድግዳ ለእሷ መሰላል ነው። በጭቃ አትድፈኑት፣ አየር ያስፈልጋል፤ በወንፊት ሽቦ ዙሪያውን ዝጉት። ድንቢጥና ሌላ ወፍም አብሮ ይቀራል። ወፎች መኖ ከመሻማታቸው በላይ በሽታና ቅንቅን ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ያመላልሳሉ።

6. ሽቦውና በሩ

ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለው ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከውስጥ ይይዛል እንጂ አውሬን ከውጭ አይከለክልም። ውሻ በጥርሱ ይበጥሰዋል። በተለይ ከብሎኬቱ በላይ ያለውን የመጀመሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ከቻላችሁ በተበየደ ጠንካራ መረብ ሥሩት፤ ካልሆነ ቀጭኑን ሁለት ድርብ አድርጉ። ቀዳዳው ከ13 ሚሊ ሜትር አይስፋ፤ 2 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ለአይጥ በቂ በር ነው።

ሽቦውን ከቋሚው በውጭ በኩል ለጥፉት። ከውስጥ የተለጠፈ ሽቦ ከውጭ ሲገፋ ሚስማሩ ይላቀቃል፤ ከውጭ የተለጠፈው ግን ሲገፋ እንጨቱ ላይ ይደገፋል። ጫፉን በታጠፈ ሚስማር ብቻ አትተዉት። በላዩ ጠፍጣፋ ቀጭን እንጨት አጋድማችሁ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ሚስማር ምቱበት፤ አውሬ የሚጀምረው ከጫፍ ነው።

በሩ 80 ሳንቲ ሜትር በ1 ሜትር ከ80 ይሁን፤ ከታች 60 ሳንቲ ሜትሩ በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ድፍን፣ ከላይ ሽቦ። ወደ ውጭ ይከፈት። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ጉዝጓዙ ሲከማች አልከፈት ይላል፣ ከኋላው የቆመችውንም ዶሮ ይጨፈልቃል። ከማጠፊያው በኩል ካለው የታች ማዕዘን ተነስቶ በመቀርቀሪያው በኩል ወዳለው የላይ ማዕዘን የሚሄድ ሰያፍ እንጨት ይኑረው። አቅጣጫው ከተገለበጠ እንጨቱ ክብደቱን ወደ ማጠፊያው አይመልስም፤ በሩ ቀስ በቀስ ወደ መቀርቀሪያው ጎን ይወርዳል፣ ከደፉም ጋር ይጋጫል። ባሕር ዛፉ እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ስለሚጣመም ለበሩ ብቻ እንኳ የደረቀ ሞራሌ ግዙ። መቀርቀሪያ ከላይም ከታችም ያስፈልጋል፤ አንድ መሃል ላይ ብቻ ከሆነ የታችኛው ማዕዘን በእግር ሲሳብ ይከፈታል።

7. አየር፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

30 ዶሮ በቀን ከ6 እስከ 8 ሊትር ውኃ ይጠጣል። የዚህ አብዛኛው በኩስና በትንፋሽ ተመልሶ ቤቱ ውስጥ ይወጣል። መውጫ ካላገኘ ሌሊት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ጠል ሆኖ ይይዝና ጉዝጓዙ ላይ ይንጠባጠባል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ከተማ "ጣራዬ ያፈስሳል" ከሚሉት ብዙዎቹ ጣራቸው አያፈስስም፤ የሚወርደው የዶሮው ትንፋሽ ነው። ሬንጅ እየቀቡ ሚስማር መቀየር አይፈታውም።

ብርድ ፈርቶ ቤቱን በላስቲክ መሸፈን ነገሩን ያባብሰዋል። ላባዋ የለመለመ፣ ደረቅ ቦታ ላይ የተኛች ዶሮ የደጋን ብርድ ትችላለች፤ እርጥብ አየርንና አሞኒያን፣ ማለትም ከረጠበ ኩስ የሚወጣውን ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ፣ ግን አትችልም። አሞኒያ ዓይኗን ያቆስላል፣ የመተንፈሻዋን ሽፋን ይጎዳል፣ ከዚያ በኋላ ሌላው የመተንፈሻ በሽታ በቀላሉ ይገባል። የሰውን አፍንጫ አትመኑ፤ ቆሞ የሚያሸት ሰው የሚያሸተው ከላይ ያለውን አየር ነው። ማለዳ በሩ ሳይከፈት ገብታችሁ ቁጢጥ በሉና በዶሮዋ ራስ ልክ ተንፍሱ። ዓይን ከቆጠቆጠ አየሩ አልበቃም፣ ወይም ጉዝጓዙ ረጥቧል።

መፍትሔው ከፊት ያለው ሽቦ የላይኛው ክፍልና ከኋላ ያለው 30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ዓመቱን ሙሉ አለመዘጋታቸው ነው። ለቀዝቃዛ ሌሊት የፊቱን ሽቦ በሸራ ሸፍኑ፤ ሸራው ግን ከታች በብሎኬቱ ራስ ላይ ተቸንክሮ በገመድ ወደ ላይ የሚሳብ መሆን አለበት። የተለመደው አሠራር ከላይ ሰቅሎ ወደ ታች መልቀቅ ነው፤ እሱ ዶሮዎቹ በተኙበት ልክ ነፋስ ያስገባና ሞቃቱን እርጥብ አየር ከላይ ያፍነዋል። ከታች ወደ ላይ ሲሳብ ዶሮዎቹ ከነፋስ ይጠለላሉ፣ ከላይ ያለው 30 ሳንቲ ሜትር ሁልጊዜ ክፍት ይቀራል።

8. ቆጥ፣ መጣያ ሳጥን፣ መመገቢያ

ለአንድ ዶሮ 18 ሳንቲ ሜትር ቆጥ ያስፈልጋል፤ ለ30 ዶሮ 5 ሜትር ከ40፣ ማለትም የቤቱን የውስጥ ርዝመት የሚይዙ ሁለት እንጨቶች። በኋላው ግድግዳ በኩል የመጀመሪያውን ከግድግዳው 35፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው 40 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ፣ ሁለቱንም ከጉዝጓዙ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አኑሩ። አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ማድረግ ማታ ማታ ለላይኛው ጠብ ያስነሳል። ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ጠርዙ የተሞረደ ይሁን። አትቸንክሩት፤ ጫፉ የሚያርፍበት ጎድጎድ ያለ እንጨት ሠርታችሁ እንዲነሳ አድርጉት፣ ቅንቅን የሚፈለገው እዚያ መጋጠሚያ ላይ ነውና። ከፊቱ ሽቦ አጠገብ ቆጥ አትሥሩ፤ ሸለምጥማጥ የተኛችን ዶሮ በሽቦው ቀዳዳ እግሯን ይዛ ትቦጭቃለች።

ከቆጡ ሥር ጣውላ ወይም አሮጌ ቆርቆሮ አስቀምጡ። ከኩሱ ብዙው የሚወርደው ሌሊት ስለሆነ እሱን በየሁለት ቀኑ መፋቅ የጉዝጓዙን ዕድሜ በእጅጉ ያራዝማል።

የእንቁላል መጣያ ሳጥን ለ5 ዶሮ አንድ ይበቃል፤ ስድስት ሥሩ፣ ሦስቱን በቀኝ ሦስቱን በግራ ግድግዳ። እያንዳንዱ 30 በ30፣ ጥልቀቱ 35 ሳንቲ ሜትር፤ ከፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከንፈር ይኑረው። ከጉዝጓዙ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከቆጡ ግን ዝቅ ይበል። ዶሮ ማታ የምትፈልገው ከፍተኛውን ቦታ ነው፤ ሳጥኑ ከቆጡ ከበለጠ እዚያ ታድራለች፣ ጠዋት እንቁላሉ ኩስ ውስጥ ይጣላል። የሳጥኑን ክዳን ቁልቁል አዝምሙት፣ አፉን በጆንያ ጋርዱት። ቄቦቹ መጣል ሊጀምሩ እስኪቃረቡ፣ 18 ሳምንት ገደማ ድረስ፣ ሳጥኑን ዝጉት።

መመገቢያው ለአንድ ዶሮ 10 ሳንቲ ሜትር ቦታ ይስጥ፤ በሁለት ጎን የሚበላበት 1 ሜትር ተኩል ገንዳ ይበቃል። ከንፈሩ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ይንጠልጠል፣ ከሲሶው በላይ አይሞላ። ዝቅ ብሎ የተቀመጠና ጢም ብሎ የሞላ ገንዳ መኖ ያስበትናል። የእንቁላል ጣይ ዶሮ የቀን ምግብ ከ110 እስከ 120 ግራም ነው፤ ለ30 ዶሮ 3 ኪሎ ተኩል ያህል። ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ ወይ እየፈሰሰ ነው ወይ አይጥ አለች። ውኃ መጠጫውን በጉዝጓዙ ላይ ሳይሆን በሽቦ በተሸፈነ ዝቅተኛ የእንጨት መደብ ላይ አኑሩት፤ የሚንጠባጠበው ከሥር ይቀራል።

9. ጉዝጓዝና ዶሮ ማስገባት

ሊሾውና ጭቃው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቁ ዶሮ አታስገቡ። ሥራውን ከጥቅምት በኋላ ጀምሮ ከክረምት በፊት ማጠናቀቅ የሚሻለው ለዚህ ነው። ዶሮ ቀድሞ ገዝቶ ቤት በጥድፊያ መጨረስ ብዙ ኪሳራ ያመጣል፤ ማዘዝ ያለባችሁ በሩ ከተቀረቀረ በኋላ ነው።

ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ዘርጉ። የመላጊያ ፍቅፋቂ ከሁሉ ይሻላል። ሰጋቱራ ደቃቅ ስለሆነ ይቦናል፣ ጭድ ብቻውን ደግሞ ሲረጥብ እንደ ምንጣፍ ይያያዛል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ይተጋገዛሉ። በሳምንት ሁለቴ ገልብጡት። አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ልቀቁ፦ ትንሽ ተያይዞ ከፈራረሰ ልኩ ነው፤ ኳስ ሆኖ ከቀረ ረጥቧል፣ የረጠበውን አውጥታችሁ በደረቅ ተኩ። መጠጫው አካባቢ ሁልጊዜ ቀድሞ ይረጥባል።

ዶሮዎቹ ከገቡ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ማታዎች ጥግ ላይ ተደራርበው ሊተኙ ይሞክራሉ፤ ከሥር ያለችው ታፍና ትሞታለች። ሲመሽ ገብታችሁ አንድ በአንድ ቆጡ ላይ አውጧቸው። ጥቂቶቹ ሲለምዱ የቀሩት ይከተላሉ።

መጣል ሲጀምሩ የቀን ብርሃናችን 12 ሰዓት ገደማ ስለሆነ እስከ 15 ሰዓት ለማድረስ አነስተኛ አምፖል ይበቃል። የሚጨመረው ጠዋት ነው፤ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ አድርሱት። ማታ የሚበራ መብራት ድንገት ሲጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ሳይወጡ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። አንዴ ከተጀመረ አይቀነስ፤ ሲቀነስ እንቁላሉ ይወርዳል፣ ላባ ማርገፍም ሊጀምሩ ይችላሉ።

በወር አንድ ጊዜ ከመሸ በኋላ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ግቡና የቆጡን የታች ጎንና መጋጠሚያውን ጥረጉ። ጨርቁ ላይ የደም ነጠብጣብ ከወጣ ቅንቅን አለ። በማግስቱ ቆጡን አውጥታችሁ የፈላ ውኃ አፍስሱበትና ፀሐይ ላይ አውሉት፤ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ደፍናችሁ ኖራ ቀቡት፤ ከሳምንት በኋላም ድገሙት፣ የመጀመሪያው ያልነካው የቅንቅኑ እንቁላል በዚያ ጊዜ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ።